የሎክስደኗ ናኒ

«የኋለኛውን ክፍል ተይው፤ የሞግዚቷ ነው» አሉ ወይዘሮ ሃርግሬቭ፣ የጎረቤታቸውን በር በአደራ በያዙት ቁልፍ እየከፈቱ። «ልጅቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ሞግዚቷን ግን አላሰናበቷትም። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ? ጁሊያን እኮ ወርቅ ሰው ነው።»

ማክሲን የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽኑን ቱቦ ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ጁሊያን ታናሽ ወንድሟ ነው። በኋለኛው ክፍል የምትኖረው ደግሞ የማንም ሞግዚት አይደለችም፤ የሁለቱም እናት ናት። «ምን አሉኝ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሴትዮዋ ግን ሁለት ውሾቻቸው እየጎተቷቸው «ስትጨርሺ በሩን ሳብ አድርጊው፣ እሺ?» ብለው በጠጠሩ መንገድ ላይ ሄዱ።

ጠዋት መሥሪያ ቤቷ የዕለቱን አድራሻዎች ሲሰጣት ዓይኗን ማመን አቅቷት ነበር። ሎክስደን፣ የወንድሟ ቤት። ያስመዘገበችው ሚስቱ ፊሊፓ ናት፤ ምንጣፍ አጣቢ ስትጠራ ማን እንደሚላክላት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ማክሲን ከፈለገች ከባልደረቦቿ ከአንዱ ጋር ልትለዋወጥ ትችል ነበር። አልተለዋወጠችም። እናታቸው ምሥራቅ ለንደን የነበረውን ቤቷን ሸጣ እዚህ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ማክሲን ግን እስከዚያች ዕለት የዚህን ቤት ደፍ ረግጣ አታውቅም። ሁልጊዜ ምክንያት አይጠፋም። አንዴ ጣሪያው እየታደሰ ነው፣ አንዴ ፊሊፓን አሟታል፣ አንዴ «አንቺ ለምን ትለፊያለሽ፣ እኛው እናመጣልሻለን» ነው። እውነትም ያመጣታል። ለገናና ለፋሲካ እቅፍ አበባ ይዞ፣ እናቱን ደግፎ፣ ሊፍት የሌለውን ደረጃ ወደ እህቱ ጠባብ ቤት ይወጣል፤ ሻዩን ሳይጨርስ ሰዓቱን ያያል፤ እናቱን ይዞ ይመለሳል። እሑድ እሑድ ማክሲን ስትደውል እናቷ «ምን ጎድሎኝ ልጄ፣ እንደ ንግሥት ነው የምኖረው» ትላታለች። ማክሲንም ታምናለች። ወይም ማመኑ ይቀላት ነበር።

ሎክስደንን በሌሎች ሰዎች ምንጣፍ ታውቀዋለች። የመንደሩ ሠራተኛ ጠዋት በባቡር ወደ ለንደን ይነጉዳል፣ ማታ በባቡር ይመለሳል፤ ቀን ላይ መንደሩ ውስጥ የሚቀሩት ውሾች፣ አትክልተኞችና በየበሩ ሚኒቫን ያቆሙ እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጋራዥ የምታህል ቤት በሚሊዮን ፓውንድ ትሸጣለች። ሻጩም ገዢውም ስለ ዋጋው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ስለ በሽታ እንደሚያወሩ ሁሉ። የወንድሟ ሳሎን ግን ከጠበቀችው በላይ ነበር። ግድግዳ ከግድግዳ የተነጠፈው የሱፍ ምንጣፍ እርጎ ይመስላል፤ ሶፋዎቹም እንደዚያው። አንድ ጥግ ላይ የፈሰሰ ቀይ ወይን ደርቆ ጠይም ሆኗል። ማታ አትክልት ቦታው ውስጥ ድግስ አለ፤ እንግዳው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ሳሎን ስለሆነ እስከዚያ መድረቅ አለበት ተብላለች። ድግስ ባለበት ቀን ምንጣፍ የሚያሳጥብ ሰው ውኃ በትእዛዝ የሚደርቅ ይመስለዋል። ማክሲን ግን ለዚህ ዓይነቱ ሰው ትልልቅ ማራገቢያዎች ይዛ ነው የምትዞረው።

ሶፋዎቹን እየገፋች ወደ መሐል ሰበሰበች፤ አቧራውን በማሽን ሳበች፤ መድኃኒቱን ረጨች። እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው ራሷ ሌላ ቦታ ብትሆንም አይስትም። ከምድጃው በላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች አየች። የሠርጋቸው አለ፣ የልጅቷ ልደት አለ፣ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ አለ፣ የሞተው ውሻቸው ሳይቀር አለ። እናቷ የለችም። «ሞግዚት» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቢሮ ስታጸዳ፣ ከንጋት በፊት አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ያንን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባች ሴት! የወይኑ እድፍ እስኪለቅ አልጠበቀችም። ብሩሹን ጣለችና በኮሪደሩ ወደ ኋላ ሄደች።

ክፍሉ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ከማክሲን ሳሎን ይሰፋል፤ ይሞቃል፤ መስኮቱ ወደ ጽጌረዳው ያያል፤ ቴሌቪዥኑም ትልቅ ነው። እናቷ ዊኒ የጥያቄና መልስ ውድድር እያየች ከተወዳዳሪዎቹ ቀድማ ትመልስ ነበር። በሩ ሲከፈት ዘወር አለች፤ ልጇን ስታይ ግን ፊቷ ላይ ቀድሞ የመጣው ደስታ አልነበረም። መስኮቱን ነው ያየችው።

«ማክሲን! አንቺ ልጅ፣ ማን አስገባሽ? ሰው አይቶሻል?»

«ቢያየኝስ? ምን ሰርቄያለሁ?»

«ቀስ በይ፣ አትጩኺ።»

«እማዬ፣ አንቺ በዚህ ቤት ምንድነሽ?»

ዊኒ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ከዚያ አጠፋችው። ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ከተቀመጠው፣ ለማታው ድግስ ከተተኮሰው ነጭ ሽርጥ ላይ የሌለ ክር ለቀመች። «የጀመረችው እኮ ሕፃኗ ናት» አለች በመጨረሻ፤ «እሷም አላጠፋችም።»

በእነ ማክሲን ሠፈር አያት ሁሉ «ናኒ» ትባላለች። የዊኒ የልጅ ልጅ ኢሞጀንም አፏን የፈታችው ናኒ እያለች ነው። ሎክስደን ውስጥ ግን ናኒ ማለት ለደመወዝ ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ቤቱን በገዙ ሰሞን ጎረቤቶቹ ሻይ ተጠርተው ሳለ ልጅቷ «ናኒ! ናኒ!» እያለች እየሮጠች መጥታ ዊኒ ቀሚስ ውስጥ ገባች። አንዷ እንግዳ የዊኒን የምሥራቅ ለንደን አነጋገር ሰማችና «እንዴት ያለች ደግ ሞግዚት ናት፣ በየትኛው ኤጀንሲ አገኛችኋት?» አለች።

«ሁሉም ዳረንን አየው» አለች ዊኒ። ዳረን የጁሊያን የመጀመሪያ ስሙ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጥሎት ሁለተኛ ስሙን አነሣ። እናቱና እህቱ ግን ሌላ ስም አያውቁለትም። «አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሻይ ይጨመርላችሁ? አለ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ሻዩን ቀዳሁ።»

ማክሲን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ቀጠለች፣ ልክ ስለ አየሩ እንደምታወራ። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ለገና ሁሉም ፖስታ ይሰጧታል። ሃርግሬቭ የልጅ ልጃቸው ሲወለድ «እነ ጁሊያን ካልፈለጉሽ እኔ እወስድሻለሁ» ብለዋታል፤ ዳረንም አጠገባቸው ቆሞ «እሷንማ አልሰጥም» ብሎ ስቋል። ድግስ ሲኖር ትሪ ይዛ ትዞራለች፤ ከመቀመጥ ይሻላል፣ ሰው ታያለች። ምንም አልጎደለባትም። ይህን ብላ ሽርጡን እንደገና አጣጠፈችው፤ ቀድሞም ታጥፎ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ሌሊት ሌሊት የሚነዝረኝ» አለች። «ስሞት ምን ሊል ነው? ቀብሬ ላይ እነዚህ ሁሉ መጥተው ቆመው፣ ልጄ እንዴት አድርጎ ሊያለቅስ ነው? ሰው ለሞግዚቱ ምን ያህል ያለቅሳል?»

ማክሲን ተነሣች። «ዕቃሽን ሰብስቢ። መኪናው ውጭ ነው።»

«የት ልሂድ?»

«እኔ ቤት።»

«በዚህ ጉልበቴ፣ ያን ሁሉ ደረጃ! እሱስ ይሁን» አለች ዊኒ። «ግን እኔ ከሄድኩ ሞግዚቷ ሥራ ለቀቀች ነው የሚባለው። ካርድ ገዝተው ይፈርሙልኛል። ሃርግሬቭ ኬክ ትጋግርልኛለች። እንደዚያ አድርጌ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ማክሲን ሳታስበው ሳቀች፤ እናቷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ማክሲን። እናቷ ጣቷን አነሣች፣ ልጆች ሳሉ እንደምታነሣው። «አንቺ ተናግረሽ እንደሆነ ሞግዚቷ እብድ ልጅ አላት ይባላል። ይህ የሱ ሥራ ነው። እሱ ካልቻለ የኔ ነው። አንቺ ምንጣፍሽን እጠቢ፤ ብቻ ማታ ሳልጠራሽ እንዳትሄጂ።»

ማክሲን ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። እድፉ ለቆ ነበር። ማሽኑን አስነሥታ ከመስኮቱ ጀምራ ወደ በሩ፣ መስመር በመስመር፣ ሙቅ ውኃ እየረጨች ጥቁሩን ውኃ እየሳበች ወረደች። ንዴቷ ክንዷ ውስጥ ገብቶ ሥራውን አፋጠነላት። ሶፋዎቹን አንድ በአንድ አጠበች፤ ማራገቢያዎቹን ዙሪያውን ተከለች፤ የሰኔ ፀሐይ እንዲያግዛት መስኮቶቹን በረገደች። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን በዚህ ሰዓት ቁጭ ብላ ሳንድዊቿን ትበላ ነበር። ዛሬ ቆማ በላች።

ከቀትር በኋላ ፊሊፓ ከለንደን ተመለሰች። ደረጃው ላይ ተንበርክካ የምትቦርሸውን ሴት ጀርባ አይታ «አይ እንዴት ያምራል!» አለች። ሴትዮዋ ዘወር ስትል በፊሊፓ እጅ ያለው የብርጭቆ ካርቶን ተንቀጫቀጨ።

«ማክሲን።»

«ጫማሽን አውልቂ፣ እርጥብ ነው።»

ፊሊፓ አወለቀች። ካርቶኑን አስቀምጣ ባዶ እግሯን ያልታጠበችው የታችኛዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች ሠርግ ላይ ተሳስመው፣ በገና ካርድ ተላልከው፣ ከዚያ በቀር ለብቻቸው ተቀምጠው አያውቁም።

«መጀመሪያውኑ ነግሬው ነበር» አለች ፊሊፓ፣ እግሯን እያየች። «የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ሂድና አርመው ብዬዋለሁ። ነገ ነገ አለ። ነገ ሲባል ወር ሞላው፤ ወር ሲሞላ አሳፈረው። አሁን ምን ብለን ነው የምንነግራቸው? ስንዋሻችሁ ኖረናል ብለን?»

«አዎ። እንደሱ ብላችሁ።»

«ለዛሬ ብቻ እለምንሻለሁ። የመንደሩ ክለብ ሊቀመንበር ሊያደርጉት ነው፤ ድግሱም ለዚሁ ነው። ነገ ጠዋት ቁጭ ብለን...»

«ፊሊፓ፣ ነገን እኮ አሁን ነገርሽኝ» አለች ማክሲን። ብሩሹን ውኃው ውስጥ ነከረች። «ደግሞ የምትለምኚው እኔን አይደለም። ኮሪደሩን ይዘሽ ሂጂ፤ ከአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያላችሁት።»

ፊሊፓ ተነሣች፣ ወደ ኮሪደሩ አየች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ታጠፈች፤ ብርጭቆ ስታወጣ ማክሲን ሰማቻት። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆው ጸጥ አለ፤ የኋለኛው ክፍል በር ሲንኳኳ ተሰማ። ምን እንደተባባሉ ማክሲን አላወቀችም። ፊሊፓ ስትወጣ ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ነጩን ሽርጥም ይዛው ወጣች።

ጁሊያን ከባቡር ሲመጣ በሩ ላይ የቆመውን ሚኒቫን አይቶ «ገና አልጨረሱም እንዴ?» እያለ ገባ። ሱፍ ልብሱ በባቡሩ ሙቀት ተጨማድዷል። ቱቦ የምትጠቀልለዋን ሴት አየ፤ በሩን ከኋላው ቶሎ ዘጋው።

«ማክሲ» አለ። ሳያስበው አነጋገሩ የድሮው ሠፈራቸው አነጋገር ሆነ። «ምን ነገርሻቸው?»

«ለማን? ምንጣፍ ሳጥብ ነው የዋልኩት። እዚያ አትቀመጥ፣ አልደረቀም!»

ቆሞ ቀረ። ብዙ ሰው የሚያስተዳድር፣ በየሳምንቱ ብዙ ሚሊዮን የሚያዝዝ ሰውዬ በገዛ ሳሎኑ መሐል የሚቀመጥበት አጣ። ማክሲን ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት። ስታየው ግን በልጅነቱ መስኮት ሰብሮ የሚቆመው አቋቋም ነው፤ ስድቡ ከአፏ አልወጣ አላት።

«አንቺ ሳትመጪም አውቀዋለሁ» አለ። «ማታ ማታ ባቡር ላይ እለማመደዋለሁ። ዛሬ ገብቼ እናገራለሁ እላለሁ። ጣቢያው ሲደርስ ይጠፋብኛል። በእሷ ያፈርኩ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ አዎ፣ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ያፈርኩት በራሴ ነው።»

«ሁለት ቃል እኮ ነው፣ ዳረን። እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«በለው እስቲ።»

አፉን ከፈተ። በዚህ መሐል ዊኒ በኮሪደሩ መጣች። ለእሱ ሠርግ የገዛችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጸጉሯን አበጥራለች። «ዳረን፣ ዛሬ ትሪ አልይዝም» አለች። «ጉልበቴን ያመኛል።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ጉልበቴ አይደለም። ደግሞ በጉልበቴ ላሳብብ! ያን ቀን አፍህን ስትዘጋ እኔም ዘጋሁ፤ ልጄ ተጨነቀ ብዬ። ያ የኔ ጥፋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን በራሴ ስም ነው የምኖረው። አንተ የፈለግከውን በል፤ እኔ የተጠየቅኩትን እመልሳለሁ።»

«እማ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጪኝ...»

ደወሉ ጮኸ።

የመጀመሪያዋ እንግዳ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሃርግሬቭ ነበሩ። ሽቶ ተቀብተው፣ ወይን ይዘው፣ ምንጣፉን እያደነቁ ገቡና እንደ ልማዳቸው ስስ ጃኬታቸውን አውልቀው ዘረጉ። «ናኒ፣ የኔ ቆንጆ፣ ይቺን ስቀይልኝ። ዛሬ እንዴት አምሮብሻል!»

የዊኒ እጅ ከልማድ የተነሣ ተዘረጋ። ጃኬቱን ተቀበለች። ማክሲን ጥርሷን ነከሰች። ዊኒ ግን ጃኬቱን አንዴ አየችው፤ ዘወር ብላ ጁሊያን ደረት ላይ አስደገፈችውና «ልጄ ይሰቅልልዎታል» አለች።

ወይዘሮ ሃርግሬቭ ፈገግ እንዳሉ «ልጅሽ? ልጅ አለሽ እንዴ?» ብለው ከበሩ ኋላ የቆመ ሌላ ሰው እንዳለ ፈለጉ። ምንጣፍ አጣቢዋን አዩ። ፊሊፓን አዩ። ሌላ ሰው የለም። ጁሊያን ጃኬቱን በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። ማራገቢያዎቹ ይጮሃሉ። ማክሲን ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ስለነበረች አጠፋቻቸው፤ ቤቱ ጭር አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ጁሊያን። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ልጇ እኔ ነኝ። ሞግዚት አይደለችም፤ ሆናም አታውቅም። እናቴ ናት። እስከ ዛሬ ዋሽቻችኋለሁ። ያቺም እህቴ ናት።»

ወይዘሮ ሃርግሬቭ ከአንገታቸው ጀምሮ ቀሉ። ምን ምን እንዳሏት፣ ምን ምን እንዳዘዟት አንድ በአንድ ሲያስታውሱ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የያዙትን ወይን የት እንደሚያኖሩት ጠፋባቸው። በመጨረሻ ወንበር ስበው ዊኒ አጠገብ አደረጉ። «ይቀመጡ እንጂ» አሏት። «እባክዎ፣ ይቀመጡ።»

ወሬው ከሳሎን ወደ አትክልት ቦታው ከመጠጡ ቀድሞ ደረሰ። ጥቂቶቹ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ሌላ ቀጠሮ አስታወሱ። አንዱ ሽማግሌ ጁሊያንን ገሸሽ አድርጎ በዝግታ አናገረው፤ ስለ ሊቀመንበርነቱ ከዚያ ወዲያ ማንም ቃል አላነሣም። ፊሊፓ ትሪውን ራሷ ይዛ ዞረች፤ ከሰው ሰው ስትደርስ «አማቴን ተዋወቃችኋት?» ትላለች። የቀሩትም ቀስ በቀስ ወደ ዊኒ ወንበር ተጠጉ፤ ግማሾቹ ለማየት፣ ግማሾቹ ይቅርታ ለማለት፣ አብዛኞቹ የሚሉት ጠፍቷቸው። ዊኒ ግን የምትለው አልጠፋትም።

ማክሲን ማራገቢያዎቹን እያወጣች ሚኒቫኑ ላይ ስትጭን የእናቷ ድምፅ በአጥሩ ላይ አልፎ ይሰማት ነበር። ዳረን በልጅነቱ በመናፈሻው የብረት አጥር መሐል ጭንቅላቱን አስገብቶ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቅቤ ቀብተው እንዳወጡት እየተናገረች ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙዎች።

ጁሊያን ከቤት ወጣ። ኮቱን አውልቋል። ምንም ሳይል የትልቁን ማሽን አንድ ጎን ያዘ፤ እሷ ሌላውን ያዘች፤ አንሥተው ጫኑት። ነጭ ሸሚዙ ላይ ከማሽኑ የቀረ ጥቁር ውኃ ፈሰሰበት፤ አየውና ተወው።

«ሊቀመንበርነቱ ቀረ መሰለኝ» አለ።

«ይቅርብህ።»

የሚኒቫኑን በር እስክትዘጋ አጠገቧ ቆመ። «እኔ እስካመጣት ሳትጠብቂ አንቺ ራስሽ ለምን አልመጣሽም?» አለ፤ አነጋገሩ ወቀሳ አልነበረም፣ ማወቅ የፈለገ ሰው ጥያቄ ነበር።

ማክሲን መልሱን ፈለገች። ጣሪያው ይታደሳል ስትባል ያልጠየቀችውን፣ ፊሊፓን አሟታል ስትባል ሾርባ ይዛ ያልመጣችውን አሰበች። «አልጠራኸኝም ነበራ» አለች። «እኔም ካልተጠራሁ አልሄድም ብዬ ተኮፈስኩ።»

«እሑድ ምሳ ትመጫለሽ?»

ቁልፉን ከኪሷ አወጣች፤ መሪውን ይዛ ተቀመጠች።

«እመጣለሁ» አለችው። «ያለ ማሽን።»